ሲም ከመተካት የጀመሩት ሮቦቶች፦ የኦቱ ባክ ኦፊስ የጉዳይ ጥናት

ስልኩ የጠፋበት ሰው ቁጥሩን ለማስመለስ ሱቅ ይሄዳል። መታወቂያው ይታያል፣ ቅጽ ይሞላል፣ አዲስ ሲም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ደንበኛው አያየውም። ባክ ኦፊስ፣ ማለትም ደንበኛ በማይገባበት የጓዳ ቢሮ፣ የተቀመጠ ሠራተኛ የደንበኛውን ገጽ ይከፍታል፣ ቁጥሩ ያለበትን ሁኔታ ያያል፣ የአዲሱን ሲም መለያ ገልብጦ ሌላ ሲስተም ላይ ይለጥፋል፣ ይልካል፣ መሳካቱን ያረጋግጣል፣ ማስታወሻ ጽፎ ይዘጋል። ቀጥሎ ሌላ ደንበኛ፣ ያው ሥራ። በቴሌፎኒካ ሥር የነበረው የእንግሊዙ የሞባይል ኩባንያ ኦቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ለሶፍትዌር ሮቦት ለሙከራ ከሰጣቸው ሁለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር። ሌላው፣ አስቀድሞ የተሰላ የገንዘብ ማካካሻን በደንበኛው ሂሳብ ላይ ማስገባት ነው።

ጉዳዩን ተመራማሪዎቹ ሜሪ ላሲቲ፣ ሌስሊ ዊልኮክስ እና አንድሪው ክሬግ አጥንተው በ2015 እ.ኤ.አ. አውጥተውታል። በዚያ ጊዜ ኦቱ ከ160 በላይ ሮቦቶች ነበሩት። በወር ከ400,000 እስከ 500,000 ጉዳዮችን ያስተናግዱ ነበር። የተሰጧቸው 15 ዋና ዋና የሥራ ሂደቶች ሲሆኑ፣ ይህም ከባክ ኦፊሱ ጠቅላላ ሥራ 35 በመቶ ያህል ነው። የሦስት ዓመቱ ትርፍ ከወጣው ገንዘብ አንጻር ከ650 እስከ 800 በመቶ ተገምቷል። ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዳይ በደቂቃዎች ስላለቀ፣ «የኔ ነገር ከምን ደረሰ?» ብለው የሚደውሉት ደንበኞች ከ80 በመቶ በላይ ቀንሰዋል።

ሮቦት ሲባል እዚህ ላይ አካል ያለው ነገር አይደለም። ሰው በሚገባበት በር የሚገባ ፕሮግራም ነው። ዩዘርና የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ስክሪን ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይጫናል፣ ይጽፋል። የነባሩን ሲስተም ውስጥ አይነካም። «160 ሮቦት» ማለትም በአንድ ጊዜ መሥራት የሚችሉ 160 ላይሰንሶች (የመጠቀሚያ ፈቃዶች) ማለት ነው። ኦቱ የተጠቀመው ብሉ ፕሪዝም በ2001 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ ሮቦቲክ ፕሮሰስ አውቶሜሽን፣ በአጭሩ አርፒኤ፣ የሚለው ስያሜ የተስፋፋው ግን ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ኦቱ ሥራውን የጀመረው ስያሜው ሳይለመድ ነው ማለት ነው።

ለምን እነዚህ ሁለት ሥራዎች?

ሁለቱም ብዛት አላቸው፤ ሁለቱም ቀላል ናቸው። ከዚህ በላይ ግን የሚያመሳስላቸው ወሳኝ ነገር፣ ፍርዱ የተሰጠው ሮቦቱ ጋ ከመድረሱ በፊት መሆኑ ነው። የሲም ምትኩ ጥያቄ ሲመጣ የደንበኛውን ማንነት ሌላ ሰው አረጋግጦ ጨርሷል። ማካካሻውም «ቀድሞ የተሰላ» ነው፤ ስንት ይገባዋል የሚለውን የወሰነው ሮቦቱ አይደለም። ለሮቦቱ የቀረለት ውሳኔውን ወደ ሲስተም ማድረስ ብቻ ነው። ለጀማሪ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ እጅግ ጠቃሚው ነጥብ ይሄ ይመስለናል።

ሲም ምትክ ላይ ይህ ድንበር የደኅንነት ጉዳይም ነው። የሰው ቁጥር በራሱ ሲም ላይ ያስወጣ ሌባ ከባንክ በአጭር መልእክት የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ይቀበላል። ስለዚህ መታወቂያ አይቶ «ይህ ሰው እሱ ነው» ማለት የሰው ድርሻ ሆኖ መቆየት አለበት። የሚያረጋግጠው ሰው ተሳስቶ ያሳለፈውን ጥያቄ ሮቦቱ ያለ አንዳች ጥርጣሬ፣ ከሰው ፈጥኖ ይፈጽመዋል።

ከአይቲ ክፍል ጋር የተደረገው ፉክክር

አርፒኤውን ያመጣው የባክ ኦፊሱ ክፍል እንጂ አይቲ አልነበረም። የአይቲ ክፍሉ «ይህንን እኛ ባለን የሥራ ሂደት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መሥራት እንችላለን» አለ። ክርክሩ በወሬ አልተፈታም፤ ሁለቱም መንገዶች ተሞከሩ። ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ልዩነቱ ጊዜና ገንዘብ ላይ ታየ። አሥር ሂደቶችን ቢያሠሩ አርፒኤው ወጪውን በአሥር ወር እንደሚመልስ፣ ሌላኛው መንገድ ግን እስከ ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ ተሰላ። ኦቱ 20 ሮቦቶችን ወሰደ፤ የብሉ ፕሪዝም ሰዎች መጥተው ከባክ ኦፊሱ የተመረጡ ጥቂት ሠራተኞችን አሠለጠኑ፤ ሥራው ከዚያ በኋላ በእነሱ እጅ ገባ።

ከዚህ ተነሥቶ «አይቲን አትጠይቁ» የሚል ትምህርት የሚወስድ ይሳሳታል። አንድ ዩዘር በሰዓት መቶ የደንበኛ ገጽ ሲከፍት የደኅንነት ክትትል ክፍል እንደ ሰርጎ ገብ ቢቆጥረው ትክክል ነው። የይለፍ ቃል፣ ሰርቨር፣ የሲስተም ማሻሻያ መርሐ ግብር፣ ሁሉም በአይቲ እጅ ናቸው። የሥራውን ሕግ የሚያውቀው ክፍል ሮቦቱን ይምራው፤ አይቲ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቀው። በተቃራኒው፣ ሲስተሙ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ያለ ስክሪን በቀጥታ የሚነጋገሩበት በር) ካለውና አይቲ በሁለት ሳምንት ሊያገናኘው ከቻለ ሮቦቱን መተው ነው። በስክሪን በኩል መሥራት ሌላ በር ሲጠፋ የሚመረጥ መንገድ ነው።

አንድ ሮቦት በቀን ስንት ይሠራል?

ከላይ ያሉትን ቁጥሮች እንካፍላቸው። 400,000 ጉዳይ ለ160 ሮቦት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,500 ይደርሰዋል፤ 500,000 ከሆነ 3,125። በ30 ቀን ሲካፈል ከ83 እስከ 104 ይመጣል። «ሮቦት አይተኛም፣ በቀን ሺህ ይሠራል» ብሎ የሚጠብቅ አለቃ በዚህ ስሌት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ሮቦቱ በስክሪን ስለሚሠራ ከስክሪኑ አይፈጥንም። ሲስተሙ ገጹን በ20 ሴኮንድ የሚከፍት ከሆነ ሮቦቱም 20 ሴኮንድ ይጠብቃል። አምስት ገጽ ያለው ጉዳይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ብዙ ሲስተሞች ሌሊት ለሂሳብ መዝጊያ ወይም ለመጠባበቂያ ቅጂ ስለሚዘጉ 24 ሰዓቱም ሙሉ አይገኝም። ዋናው ደግሞ የሮቦት ቁጥር የሚተመነው በተራ ቀን ሳይሆን ሥራ በሚበዛበት ቀን ነው። አዲስ ስልክ ገበያ ላይ በወጣ ሰሞን ጥያቄው ይጎርፋል፤ ኦቱም ከአርፒኤ ካገኛቸው ጥቅሞች አንዱ የሮቦቱን ቁጥር በፍጥነት ጨምሮ መልሶ መቀነስ መቻሉ ነበር። ላይሰንስ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጉዳይ የሚፈጀውን ደቂቃ ለክታችሁ፣ ሲስተሙ በቀን ክፍት የሚሆንባቸውን ደቂቃዎች በእሱ አካፍሉና ከተገኘው 70 በመቶውን ብቻ ውሰዱ።

የሲም ምትክ ሮቦት ውስጡ

የኦቱ ሮቦት መስመር በመስመር የተጻፈበትን ሰነድ እዚህ አናቀርብም። ሥራው ግን በየትኛውም መሣሪያ ቢሠራ አንድ ዓይነት አጥንት አለው፤ የሚሰበረውም በየቦታው አንድ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ወረፋው ነው። ጥያቄዎች ከኢሜይል ወይም ከኤክሴል በቀጥታ ሲወሰዱ የቱ እንደተሠራ፣ የቱ እንደቀረ ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይሰጠውና አራት ሁኔታ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጥ፦ አዲስ፣ በሥራ ላይ፣ ያለቀ፣ ለሰው የተመለሰ። ሮቦቱ አንዱን ሲያነሳ ወዲያው «በሥራ ላይ» ብሎ ይቆልፈዋል፤ ሁለት ሮቦቶች አንድ ደንበኛ ላይ እንዳይገናኙ።

ቀጥሎ የመረጃው ንጽሕና ነው። የሲም መለያው አብዛኛውን ጊዜ 19 ወይም 20 አሃዝ አለው፤ በ89 ይጀምርና የአገር ኮድ ይከተላል፤ ለእንግሊዝ 44፣ ለኢትዮጵያ 251። ይህ ቁጥር ኤክሴል ውስጥ እንደ ቁጥር ከገባ ጉድ ይፈላል። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ የቀሩትን ዜሮ ያደርጋቸዋል፤ ባለ 19 አሃዙ መለያ መጨረሻው ላይ አራት ዜሮ ይዞ ይወጣል። በ0 የሚጀምረው የስልክ ቁጥርም ዜሮው ይወድቅበታል። ዓምዱን መረጃው ሳይገባ በፊት «ጽሑፍ» አድርጉት፤ ከገባ በኋላ ቢቀየር የጠፋው አሃዝ አይመለስም።

ከዚያ የመጨረሻውን አሃዝ መፈተሽ ነው። ከቀኝ ሁለተኛው አሃዝ ጀምሮ አንድ እየዘለሉ በሁለት ማባዛት፣ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 መቀነስ፣ ሁሉንም መደመር። ድምሩ ለ10 እኩል ካልተካፈለ መለያው በስህተት ተጽፏል። ይህ አሥር መስመር የማይሞላ ትእዛዝ አንድ አሃዝ የተሳሳተበትን ጥያቄ ሲስተም ሳይነካ ይመልሰዋል።

ስክሪኑ ላይ ሲደርስ የጀማሪ ሁሉ ስህተት በመዳፊት አቀማመጥ መሥራት ነው፤ «ከግራ 640፣ ከላይ 310 ላይ ተጫን» ብሎ ማዘዝ። ሠሪው ሲያየው ይሠራል። ሌሊት ሰርቨሩ ላይ ማንም ሳይገባ ሲነሳ ስክሪኑ በሌላ መጠን ይከፈትና ሮቦቱ ባዶ ቦታ ይጫናል። መሣሪያዎቹ ስክሪኑ ላይ የሚጫኑትን ቁልፍ (በተን) በስሙ ወይም በውስጥ መለያው የሚያገኙበት መንገድ አላቸው፤ እሱን ተጠቀሙ። የስክሪኑንም መጠን አንድ ልክ ላይ ወስኑት፣ ለምሳሌ 1920 በ1080፣ ሲሠራም ሲሞከርም። «አምስት ሴኮንድ ጠብቅ» የሚል ትእዛዝም አይጻፍ። ኔትዎርክ ሲዘገይ አምስቱ አይበቃም፣ ሲፈጥን ጊዜ ያባክናል። «የደንበኛው ስም ያለበት ሳጥን እስኪታይ ድረስ ጠብቅ፣ ከ60 ሴኮንድ ካለፈ ስህተት መዝግብ» ይባል።

አንድ ፍተሻ ፈጽሞ አይቀር። የተከፈተው ገጽ የተፈለገው ደንበኛ መሆኑን ሮቦቱ ከስክሪኑ መልሶ ያንብብና ከጥያቄው ጋር ያመሳክር። ፍለጋው ሳይሳካ ሲቀር አንዳንድ ሲስተሞች የቀደመውን ደንበኛ ገጽ እንደተከፈተ ይተዉታል። ሰው ስሙን አይቶ ይነቃል፤ ያልተነገረው ሮቦት የአንዱን ሲም ለሌላው ይሰጣል።

ሁለት ዓይነት ስህተት፣ አንድ አደገኛ ቅጽበት

«ደንበኛው አልተገኘም»፣ «ቁጥሩ ታግዷል»፣ «ሲሙ ለሌላ ሰው ተመዝግቧል» የሚሉት የሥራው ስህተቶች ናቸው። አሥር ጊዜ ቢሞከሩ መልሳቸው ያው ስለሆነ ወዲያው ለሰው ይመለሱ፤ ከነምክንያታቸው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ገጹ አልከፈተም»፣ «ግንኙነት ተቋረጠ» የሚሉት ደግሞ የሲስተም ስህተቶች ናቸው። እነዚህ ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፍቶ እስከ ሦስት ጊዜ ይሞከሩ። አምስት ጉዳዮች በተከታታይ በሲስተም ስህተት ከወደቁ ግን ሮቦቱ ራሱን አቁሞ ሰው ይጥራ፤ አለዚያ የተበላሸ ሲስተም ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድብ አድሮ ወረፋውን በሙሉ ይጥለዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ሮቦቱ «ላክ» ብሎ ከተጫነ በኋላ ግን ወረፋው ላይ «ያለቀ» ብሎ ሳይጽፍ መብራት የጠፋበት ቅጽበት ነው። ሲነሳ ጉዳዩን ያልተሠራ መስሎት ይደግመዋል። ሲም ምትክ ላይ ድግግሞሹ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ያው ቁጥር ለያው ሲም ነው። ማካካሻ ላይ ግን ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። መድኃኒቱ ከመጻፍ በፊት ማንበብ ነው። ገንዘቡ ሲገባ የጥያቄው መለያ ቁጥር በማስታወሻው ላይ ይጻፍ፤ ሮቦቱም ከመክፈሉ በፊት ያ ቁጥር ሂሳቡ ላይ ቀድሞ መኖሩን ይፈልግ። ካለ፣ «ያለቀ» ብሎ ያልፋል። መብራትና ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ብቻ ቢቀርለት ይህ ይሁን።

አማርኛ ፎርም ሲገባበት

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት ይህንን ሥራ ሲጀምር እንግሊዞቹ ያልገጠማቸው ሦስት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው ሞክሼ ፊደል ነው። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ለሰው አንድ ሰው ናቸው፤ ለሮቦት ሦስት። ስም ከማመሳከር በፊት ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን ከነእርባታቸው ወደ አንድ የሚመልስ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ይህም ለማመሳከሪያ ብቻ እንጂ የተመዘገበው ስም አይነካ። በዚህ ቤት ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም አንድ ድምፅ ስላላቸው አብረው ይገቡ። ሁለተኛው ቀን ነው። የመሣሪያዎቹ የቀን ትእዛዞች በተለምዶ የፈረንጅ አቆጣጠርን የሚጠብቁ ስለሆኑ «30/06/2016»ን ሳይጮሁ እንደ ፈረንጆቹ ሰኔ (ጁን) ማብቂያ ይቀበሉታል፤ የካቲት 30 መሆኑን አያውቁም። ጳጉሜን የሚባል 13ኛ ወር ሲመጣ ግን ይወድቃሉ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሙሉ መለወጫ ስሌት ይገባበት፤ በመስከረም 1፣ በጳጉሜን 5 እና በጳጉሜን 6 ይፈተን። ሦስተኛው ስም ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ያለው ሲስተም ላይ የትኛው የት እንደሚገባ ሠራተኞች በልማድ የሚያውቁት ሕግ ይኖራል፤ ያ ሕግ መጻፍ አለበት።

የግል መረጃ የሚነካ ሮቦት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይመለከተዋል። በተግባር፣ ሮቦቱ ሲሳሳት የሚያነሳቸው የስክሪን ፎቶዎች የደንበኛ መረጃ እንደያዙ በማንም ፎልደር ውስጥ እንዳይከማቹ ነው።

በገዛ ቢሮ መጀመር

ለልምምድ ገንዘብ አያስፈልግም። የማይክሮሶፍት የአርፒኤ መሣሪያ የሆነው ፓወር አውቶሜት ለዴስክቶፕ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች በነጻ ቀርቧል፤ ዊንዶውስ 11 ላይም አለ። ነጻው እትም፣ ሰው ተቀምጦ ለሚያስነሳው ሮቦት ይበቃል። ብቻውን ሌሊት እንዲሠራ ሲፈለግ ክፍያ ይመጣል። ሌላው የአርፒኤ መሣሪያ ዩአይፓዝም ነጻ የማኅበረሰብ እትም አለው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሮቦት ፍሬምወርክ የተባለውን ነጻ መሣሪያ ይሞክር።

የመጀመሪያውን ሥራ ለመምረጥ ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን 60 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ቢፈጅ 240 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ነው። በ22 የሥራ ቀን 88 ሰዓት ይሆናል። ሮቦቱ ከመቶ 80ውን ብቻ ይጨርሳል ብላችሁ ያዙት፤ 70 ሰዓት ያህል። ለጥገናና ለተመለሱ ጉዳዮች 10 ሰዓት ቀንሱ፤ 60 ይቀራል። ሮቦቱን ለመሥራት 180 ሰዓት ከፈጀ በሦስት ወር ይመለሳል። በቀን 5 ጥያቄ ላለው ሥራ ይህንኑ ስሌት ብትሠሩ መልሱ «አትጀምሩ» ነው።

ከመሥራት በፊት ሥራውን በየቀኑ ከሚሠራው ሰው ጎን ተቀምጣችሁ ቢያንስ 20 ጉዳይ በዓይናችሁ እዩ። መመሪያ ሰነዱን አትመኑ። «ይሄ ኮድ ሲመጣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለው ነገር የሚሰማው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ያ ሠራተኛ ሮቦቱ ሥራውን ሊነጥቀው እንደመጣ ከጠረጠረ አይናገረውም፤ መብቱም ነው። የነጻው ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ አለቃው ከመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ይንገረው። በኦቱም ቢሆን ወደ ሁለት ሦስተኛው የባክ ኦፊስ ሥራ ሰው ጋ ቀርቷል፤ የቀረውም ከባዱ ነው።

ሮቦቱ ሲነሳ የራሱ ዩዘር ይኑረው፤ በሠራተኛ ስም አይግባ። ስህተት ሲገኝ ማን እንደሠራው መታወቅ አለበት። የይለፍ ቃሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን በመሣሪያው የምስጢር ሳጥን ይቀመጥ፤ የሚያበቃበት ቀንም በካላንደር ይያዝ። ማክሰኞ ሌሊት ጊዜው ያለፈበት የይለፍ ቃል ረቡዕ ጠዋት 60 ያልተነካ ጥያቄ ሆኖ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሮቦቱ «ላክ»ን ሳይጫን ሁሉንም ሞልቶ ይቁም፤ ሰው አይቶ ይላክ። በሁለተኛው ሳምንት በቀን አሥር ጉዳይ ብቻውን ይሥራ፤ አሥሩም ይፈተሹ። በሦስተኛው ሃምሳ ይድረስ፤ ከአምስት አንዱ ይፈተሽ። ሲስተሙ ማሻሻያ በሚደረግለት ቀን አይቲ ቀድሞ ይንገር፤ ሮቦቱም ማግስቱን በሦስት ጉዳይ ተሞክሮ ነው የሚለቀቀው። በእጅ የሚሠራበት መመሪያ አይጣል። ሁለት ሠራተኞች በየሳምንቱ ጥቂት ጉዳዮችን በእጃቸው ይሥሩ፤ ሮቦቱ ለሦስት ቀን ሲቆም ወረፋው እነሱ ጋ ነው የሚመጣው።